«ቲቸር፣ ፍሬኑ እየወረደ ነው»

ዛሬ ላወራችሁ ያሰብኩት ስለ ባለ ሦስት እግር ሞተር የኋላ ፍሬን ነው። «መምህር ደግሞ ከመቼ ወዲህ መካኒክ ሆነ?» የምትሉ አትጠፉም። እውነታችሁን ነው፣ መካኒክ አይደለሁም። የተማርኩት በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ነው፤ እጄ የለመደው ጠመኔ እንጂ መፍቻ አይደለም። ይህን የምጽፈው ስላጠፋሁ ነው። ካጠፋሁ በኋላ ግን ከሚያውቁት ሰዎች ጋር ቁጭ ብዬ ጠይቄ ተምሬአለሁና፣ የተማርኩትን ለብቻዬ ይዤ መቀመጥ ነውር መሰለኝ።

እዚህ ካኩማ ያለን ሰዎች ባለ ሦስት እግር ሞተር ምን እንደሚሠራልን ለማንም መንገር አያስፈልገንም። ካምፑ እ.ኤ.አ. በ1992 ሲቋቋም የመጡ ነባሮች ያኔ ሁሉም ነገር በትከሻና በጭንቅላት ነበር ይሉናል። ዛሬ ውሃው፣ ሲሚንቶው፣ ቆርቆሮው፣ የሱቅ ዕቃው፣ አንዳንዴም የታመመ ሰው የሚሄደው በዚሁ ሞተር ነው። ሠርግ ሲኖር ድስቱና ወንበሩ፣ ለቅሶ ሲኖር ድንኳኑ በሱ ነው። ለብዙ ቤተሰብም የዕለት እንጀራ ነው።

እኛም አምስት ሆነን እቁብ ጥለን አንድ ያገለገለ የጭነት ሞተር ገዛን። ሾፌር አድርገን የቀጠርነው የጎረቤት ልጅ ነው፤ ጨዋ፣ ሠራተኛ፣ ጫት የማይነካ። ማታ ማታ የቀኑን ገቢ ለእኔ ያስረክባል። መምህር ስለሆንኩ የሒሳብ ደብተሩን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ለነዳጅ፣ ለጎማ፣ ለጥገና ገንዘብ የሚወጣውም እኔ «እሺ» ስል ነበር። እንግዲህ ነገሩ የሚጀምረው ከዚህች «እሺ» ላይ ነው።

የሆነው ነገር

በ2017 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ልጁ አንድ ማታ ገቢውን ሲያስረክብ፣ «ቲቸር፣ ፍሬኑ እየወረደ ነው» አለኝ። «አጥብቀው እንጂ» አልኩት። አጠበቀው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ፣ «ቲቸር፣ ማጥበቂያው ብሎን ጫፍ ደርሷል፣ ከዚህ በላይ አይሄድም» አለኝ። የወሩ ሒሳብ ገና አልተዘጋም ነበር። «እስከ ወር መጨረሻ ታገሠኝ» አልኩት። በሦስተኛው ጊዜ ምንም አላለም። ገንዘቡን ቆጥሮ ሰጠኝ፣ የሞተሩን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ ትንሽ ቆመ፣ ከዚያ ቁልፉን መልሶ አንስቶ ሄደ። ምን ሊለኝ እንደነበር የገባኝ ከአራት ቀን በኋላ ነው።

ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ 20 ጄሪካን ውሃ ጭኖ ወደ ታራች ወንዝ የሚወስደውን ቁልቁለት ይወርዳል። ወንዙ ያን ዕለት ደረቅ ነበር፤ አሸዋ ብቻ። ፔዳሉን ሲረግጠው ወለሉን ሊነካ ምንም አልቀረውም። በሙሉ ክብደቱ ቆመበት። ያኔ የግራው የኋላ ጎማ ብቻ ያዘ፣ የቀኙ ዝም አለ። ሞተሩ ወደ ግራ ተጠምዝዞ በጎኑ ተገለበጠ። ልጁ ክንዱ ተሰበረ።

ከእኔ ክፍል ተማሪዎች አንዷ ታናሽ ወንድሟን አዝላ በዚያው መንገድ ዳር ስትወጣ ነበር። ጄሪካኖቹ በአጠገቧ ተንከባለው አለፉ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እሷም ሕፃኑም አልተነኩም። በማግሥቱ እንደወትሮዋ ትምህርት ቤት መጣች። በዕረፍት ሰዓት ጠጋ ብላ፣ «ቲቸር፣ ሞተሩ የእርስዎ ነው አሉኝ። እውነት ነው?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ሌላ የምጨምረው ቃል አጣሁ።

ከአገር ቤት ጀምሮ የከባድ መኪና መካኒክ የነበሩ አንድ አባት ሞተሩን ፈትተው አሳዩኝ። የግራው ጎማ የፍሬን ሸራ እስከ ብረቱ አልቋል፤ ብረቱ ታምቡሩን አርሶታል። የቀኙ ሸራ ደግሞ ከአክሱ በሚያንጠባጥብ ዘይት ርሷል፤ የረሰረሰ ሸራ ደግሞ አይዝም። «ይሄ ፍሬን ትናንት አይደለም ያለቀው» አሉኝ። «ይህን ሁሉ ጊዜ ሸራው ሲያልቅ እናንተ ብሎን ስታጠብቁ ነበር።»

የኋላው ለምን ይብሳል?

ባለ ሁለት እግር ሞተር ስናቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ ትልቁን ሥራ የሚሠራው የፊቱ ፍሬን ነው። የጭነት ባለ ሦስት እግር ግን ሌላ ነው። ጭነቱ ያለው በኋላው አክስ ላይ ነው፤ የፊቱ አንድ ጎማ ቀላል ስለሆነ ጠንከር ተደርጎ ከተያዘ አሸዋ ላይ ይንሸራተታል። ስለዚህ ሸክሙም ማቆሙም የወደቀው በሁለቱ የኋላ ጎማዎች ላይ ነው።

በክፍል የማስተምረውን እዚህ ላምጣው። ሞተሩ ከነሾፌሩ 400 ኪሎ ይሁን፣ 20 ጄሪካን ውሃ ሌላ 400 ኪሎ ነው፤ በድምሩ 800 ኪሎ። በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ፍሬኑ ወደ ሙቀት መለወጥ ያለበት ጉልበት 10,000 ጁል ነው። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ሲሄድስ? 20,000 የሚል ተማሪ ይሳሳታል፤ መልሱ 40,000 ነው። ጠቅላላ ክብደቱ በእጥፍ ሲጨምር የፍሬኑ ሥራ በእጥፍ ይጨምራል። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ግን በአራት እጥፍ ይጨምራል። ለማቆም የሚፈጀውም ርቀት እንዲሁ። ቁልቁለት ሲሆን ደግሞ ከዚህም ይብሳል።

በዚህ ላይ የካኩማ አቧራ አለ። ደቃቅ አሸዋ ታምቡሩ ውስጥ ይገባና ሸራውንም ብረቱንም እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ዝናብ ሲመጣም ውሃ ያቋረጠ ፍሬን ለጊዜው አይዝም። ከውሃ እንደወጣችሁ ቀስ እያላችሁ ፔዳሉን ለስለስ አድርጋችሁ እየረገጣችሁ ጥቂት ሂዱ፤ በሙቀቱ ይደርቃል።

ፍሬን ሳይሞት በፊት ይናገራል

ሳይቃጠል በቅጠል ይሉ የለ አበው? ፍሬን ከማለቁ በፊት ምልክት ይሰጣል። ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦

ፔዳሉ ከበፊቱ ይልቅ ወደ ታች ይሄዳል። በአብዛኛው የሞተር ፔዳል መያዝ ከመጀመሩ በፊት ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ቢወርድ ደህና ነው። ከዚያ ካለፈ ጠይቁ።

ሲያዝ ይጮኻል ወይም ብረት ለብረት ሲፋጭ ይሰማል። መጮኹ ከአቧራ ሊሆን ይችላል፣ መፋጨቱ ግን ሸራው ማለቁን ነው የሚነግራችሁ።

ሲያዝ ሞተሩ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። የሚጎትተው ወደሚይዘው ጎማ ነው፤ ስለዚህ የታመመው ብዙ ጊዜ ሌላኛው ነው።

ከሥራ በኋላ አንዱ ጎማ ከሌላው በጣም ይግላል፣ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ያ ጎማ ብቻውን እየሠራ ነው፣ ወይም ፍሬኑ አልለቀቀውም።

በብረት ዘንግ የሚጎተት ፍሬን ከሆነ ደግሞ ማጥበቂያው ዳዶ ጫፍ ይደርሳል። በየጊዜው ማጥበቅ ስህተት አይደለም፤ ሸራ ሲሳሳ መጥበቅ አለበት። ስህተቱ ያጠበቅን ጊዜ የጠገንን መምሰሉ ነው። ፔዳሉ ወደ ላይ ይመለሳል፣ ሸራው ግን አይመለስም። አንድ መለኪያ ልስጣችሁ፦ ሰው ፔዳሉን ሲረግጥ እናንተ ጎማው ጋ ሆናችሁ ታምቡሩ ላይ ያለችውን አጭር ክንድ ተመልከቱ። ፍሬኑ ሲይዝ ክንዷ ከዘንጉ ጋር የምትሠራው ማዕዘን ከ90 ዲግሪ ካለፈ ጉልበቷ እየቀነሰ ነው፤ ተከፍቶ መታየት አለበት።

ከፍቶ ማየት

መጀመሪያ ጭነቱን አራግፉ። ሜዳ ላይ አቁሙ፣ ለፊተኛው ጎማ ከፊትም ከኋላም ድንጋይ አድርጉለት። በክሪክ ካነሳችሁ በኋላ አክሱ ሥር ጠንካራ ግንድ ወይም ጉማጅ አስገቡ። በክሪክ ብቻ የቆመ ሞተር ሥር እጅም እግርም አይገባም።

ጎማውን በእጅ አሽከርክሩና ስሙት። ከዚያ ጎማው ይወጣል፣ ታምቡሩ ይከፈታል። እምቢ ካለ በመዶሻ ከመደብደብ ማስተካከያውን መጀመሪያ ማላላት ነው፤ ሸራው ታምቡሩ ጠርዝ ላይ ይዞት ይሆናል።

ሲከፈት አቧራ ታያላችሁ። በአፍ እፍ አትበሉት፣ በጎማ መንፊያም አትንፉት። አንዳንድ ሸራ፣ በተለይ ያረጀውና ምንጩ የማይታወቀው፣ አስቤስቶስ ይኖረዋል፤ እሱ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ የሚገድል ነገር ነው። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ ጨርቁን በፌስታል አስራችሁ ጣሉት። ልጆች አጠገብ አይሁኑ።

አሁን የልጃችሁን ማስመሪያ ተዋሱ። የሸራውን ውፍረት በጣም በሳሳበት ቦታ ለኩ። ወደ 2 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ይቀየር፤ በማስመሪያው ላይ ሁለት ትንንሽ ሰረዝ ማለት ነው። በብሎን የተመታ ሸራ ከሆነ የብሎኑ ጭንቅላት እስኪነካ አትጠብቁ። ታምቡሩን በጣት ዳስሱ፤ ጥፍር የሚይዝ ጥልቅ ቦይ ካለው ወይ ይፈቀፈቃል ወይ ይቀየራል። ብዙ ታምቡር ላይ ሊፈቀፈቅ የሚችልበት ወሰን በቁጥር ተጽፏል፤ ከዚያ አይታለፍም። ሞላዎቹ ከላሉ ወይም ከዛጉ አብረው ይቀየሩ፤ ሸራውን የሚመልሱት እነሱ ናቸው።

ሸራው በዘይት ከረሰረሰ መጀመሪያ ዘይቱ ከየት እንደመጣ ፈልጉ። ማገጃ ጎማው ሳይቀየር አዲስ ሸራ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው። አንዳንዱ ሰው የረሰረሰውን በቤንዚን አጥቦ ወይም እሳት ላይ አድርቆ ይገጥመዋል። ለጊዜው ይይዛል፤ ሲግል ግን በውስጡ የቀረው ዘይት መልሶ ይወጣል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም እንደሚባለው ነው።

መቀየርና ማስተካከል

ሸራ የሚቀየረው ሁልጊዜ በሁለቱም ጎማ ነው። «የግራው ብቻ ነው ያለቀው፣ የቀኙ ይቆየን» ማለት አያዋጣም፤ አንዱ ይዞ ሌላው ሲለግም ነው ሞተር የሚገለበጠው። እኛን የጣለንም ይኸው ነው።

ታምቡሩን በብርጭቆ ወረቀት አለዝቡት፣ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት። ግራሶ የሚቀባው የሚዞረው ብረት መጋጠሚያ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም በትንሹ። ሸራውን በቆሸሸ እጅ አትንኩት።

ሲገጠም ጎማው ሸራውን ማሸት እስኪጀምር ማስተካከያውን አጥብቁ፣ ከዚያ ጎማው በነፃነት እስኪዞር መልሳችሁ አላሉ። ሁለቱም እኩል ይሁኑ። በመሐል ሁለቱን ዘንጎች የሚያካፍል ብረት ካለ ፔዳሉ ሲረገጥ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ ወደ አንዱ ካዘመመ አንደኛው ወገን ላልቷል።

አዲስ ሸራ ያኑኑ በሙሉ አይዝም። ያለ ጭነት፣ ቀስ ባለ ፍጥነት፣ ሃያ ጊዜ ያህል ለስለስ እያደረጋችሁ አቁሙት። ከዚያ ሰው በሌለበት አቧራማ ሜዳ ላይ አንድ ጊዜ ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙና ወርዳችሁ ዱካውን እዩ። አቧራው እንደ ደብተር ነው። የሁለቱ የኋላ ጎማዎች መስመር እኩል ርዝመት ካለው ተሳክቷል። አንዱ አጭር ከሆነ ወደ ማስተካከያው ተመለሱ።

ፍሬኑ በዘይት የሚሠራ ከሆነ

ባጃጅና አንዳንድ የጭነት ሞተር የሚያቆመው በፍሬን ዘይት ነው። በዚህኛው ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ለስላሳ ከሆነ መስመሩ ውስጥ አየር ገብቷል፤ ረግጣችሁ ስትቆዩ ቀስ እያለ ከሰመጠ ደግሞ የሚያንጠባጥብ ቦታ አለ ወይም ውስጡ ያለው ጎሚኒ ሞቷል። የዘይቱ ዕቃ እየጎደለ ሲሄድ ዝም ብሎ መሙላት አይበቃም፤ ወይ ሸራው እየሳሳ ነው ወይ እየፈሰሰ ነው።

አንድ ነገር አደራ ልበላችሁ። በፍሬን ዘይት ፋንታ የሞተር ዘይት፣ የምግብ ዘይት ወይም የሳሙና ውሃ የሚጨምሩ አሉ። የሞተር ዘይት ጎሚኒዎቹን አሳብጦ ያበላሻል፤ ውሃ ደግሞ ፍሬኑ ሲግል ይፈላና እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ሲረገጥ ይጨመቃል እንጂ አያቆምም። በክዳኑ ላይ ዶት 3 ወይም ዶት 4 ተብሎ የተጻፈውን ተጠቀሙ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይችላል፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ከፍቶ የተቀመጠ ጠርሙስ ርካሽ ነው ብላችሁ አትግዙ።

መንገድ ላይ እምቢ ካለስ?

አትደንግጡ፤ መሪውን በድንገት አትጠምዝዙ። ባለ ሦስት እግር የሚገለበጠው በመጠምዘዝ ነው። ጋዙን ልቀቁ፣ ፍሪሲዮን ይዛችሁ አትቆዩ፣ ሞተሩንም አታጥፉ፤ ማርሹን አንድ በአንድ ዝቅ አድርጉ፣ ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል። በዘይት የሚሠራ ከሆነ ፔዳሉን ደጋግማችሁ ርገጡ። የፊቱን ፍሬን በቀስታ ጨምሩበት። የእጅ ፍሬኑንም ቀስ በቀስ ሳቡት፣ ግን ብዙ ተስፋ አትጣሉበት፤ በአብዛኛው የሚጎትተው እነዚያኑ የኋላ ሸራዎች ነው። እየጮኻችሁ ሰው አስጠንቅቁ፣ ወደ ዳገት ወይም ወደ አሸዋ ቀጥ ብላችሁ ምሩት። ቁልቁለት ከመጀመራችሁ በፊት ማርሽ ዝቅ ማድረግና ፍሬኑን ላይ ሆኖ መሞከር ግን ከዚህ ሁሉ ይሻላል።

«ቁም» የሚለው ማን ነው?

እስካሁን ያወራሁት ስለ ብረት ነው። እኛን የጣለን ግን ብረቱ ብቻ አይደለም። ልጁ ፍሬኑ ማለቁን ያውቅ ነበር፤ እግሩ ነግሮታል። ገንዘቡ ግን እኔ ጋ ነበር። እኔ ደግሞ ገንዘቡን እንጂ ፔዳሉን አልረገጥኩም። ቢያቆመው የዚያን ቀን እንጀራ የለውም፤ ሌላ ሥራ ፈላጊ ደግሞ በር ላይ አለ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ መልሶ ያነሳው ለዚህ ነው። ደብተሬን ገልጬ ሳይ የሁለቱ ጎማ ሸራ ዋጋ ሞተሩ በሁለት ቀን ከሚያስገባው አይበልጥም ነበር። ለሕክምናው መመላለሻ፣ ለተጣመመው አክስና ለቆመው ሥራ ያወጣነው ግን የሁለት ወር ገቢ በላ። የልጁን ሕመምና የዚያችን ልጅ ድንጋጤ በሽልንግ መጻፊያ ዓምድ ደብተሬ ላይ የለም።

ክንዱ ድኖ ሲመለስ አምስታችንም ከእሱ ጋር ተቀምጠን ሦስት ነገር ተስማማን። አንደኛ፣ በየቀኑ ከገቢው ላይ ትንሽ ገንዘብ ለፍሬን ብቻ ለብቻ ይቀመጣል፤ ለሌላ አይነካም። ሸራና ማገጃ ጎማ አስቀድመን ገዝተን አስቀምጠናል፤ ዕቃ ከሎድዋር ወይም ከኪታሌ እስኪመጣ የሚጠበቅበት ጊዜ ነው ሰውን ባለቀ ፍሬን የሚያስነዳው። ሁለተኛ፣ ቅዳሜ ጠዋት ከሥራ በፊት ከባለቤቶቹ አንዱ ተራውን ጠብቆ ከሾፌሩ ጋር ያያል፣ ራሱም ፔዳሉን ይረግጣል። ሦስተኛ፣ ሾፌሩ «ፍሬን» ብሎ ካቆመ ማንም አይከራከረውም፤ የዚያን ቀን ድርሻውም አይቆረጥበትም። በሦስተኛው ላይ መጀመሪያ ያጉረመረሙ ነበሩ። «ልጁ እያመካኘ ቢተኛስ?» አሉ። እስከ ዛሬ ሁለት ጊዜ አቁሟል። አንዱን ጊዜ ምንም አልተገኘም፤ ሌላውን ጊዜ ግን አንዱ ሞላ ተሰብሮ አገኘነው። አሁን የሚያጉረመርም የለም።

ሞተር የሌላችሁስ? እናንተም ተሳፋሪ ናችሁ፣ ልጆቻችሁም መንገደኛ ናቸው። ከመሳፈራችሁ በፊት «ወንድሜ፣ ፍሬኑ ደህና ነው?» ብሎ መጠየቅ ስድብ አይደለም። እናቶች፣ ልጆች በጭነት ላይ ተንጠልጥለው ትምህርት ቤት እንዳይሄዱ ተቆጧቸው። ባለ ሞተሮች ደግሞ፣ ዛሬ ማታ ሾፌራችሁ ገቢ ሲያስረክብ ገንዘቡን ከመቁጠራችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ «ፍሬኑ እንዴት ነው?» ከዚያ የሚላችሁን ስሙት።

ሳምንቱን ቸር ያሰማን።